የማጀቢያ ሙዚቃ ፈቃድና አነስተኛ የኢንተርኔት ዝግጅቶች፦ ከአቃቂ ቃሊቲ የተነሣ ጥያቄ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ወይም በቱሉ ዲምቱ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች በአንድ የእጅ ስልክና በአንድ ማይክሮፎን ሳምንታዊ ዝግጅት ያዘጋጃሉ እንበል። ዝግጅቱ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ ቢሆን፣ ስለ መጻሕፍት ወይም ስለ ወጥ አሠራር ቢሆን ሦስት የሙዚቃ ቦታዎች ይኖሩታል፤ መክፈቻው፣ በንግግሩ ሥር ዝግ ብሎ የሚሄደው ማጀቢያ፣ መዝጊያው። አካባቢው ለድምፅ ሥርጭት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘው የራዲዮ ጣቢያ የቆመው በዚሁ በአቃቂ ነበር። ያን ጊዜ ማሰራጫው የመንግሥት ነበር፤ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይገኛል።

እነዚህ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት የታወቀ ነው። ከሚወዱት ዘፈን መግቢያውን ቆርጠው ይወስዳሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ችግር አይገጥማቸውም፤ ከዚያ አንድ ቀን ዝግጅቱ ይታገዳል፣ ወይም ከእርሱ ሊገኝ የሚችለው የማስታወቂያ ገቢ ለሌላ ወገን ይዞራል። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «ነጻ ሙዚቃ የለም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ቅሬታውን አይቀበለውም። ነጻም ሆነ ርካሽ ሙዚቃ በብዛት አለ። ችግሩ አንድ የሙዚቃ ቅጂ በውስጡ ከአንድ በላይ መብት የያዘ መሆኑ ስለማይስተዋል፣ አዘጋጁ የትኛውን መብት በእጁ እንደያዘና የትኛው እንደጎደለው ሳያውቅ መቅረቱ ነው። መብቶቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ደግሞ፣ ለአቃቂ ቃሊቲው አዘጋጅ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው መንገድ ከባሕር ማዶ የሙዚቃ ማከማቻዎች ይልቅ እዚያው ሠፈር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ይታያል።

ሦስቱ መብቶች

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ በአንድ የሙዚቃ ቅጂ ላይ ሦስት ባለመብቶችን ያውቃል። የመጀመሪያው የሥራ አመንጪው ነው፤ ይኸውም ዜማውን የደረሰው፣ ግጥም ካለው ግጥሙን የጻፈው፣ ቅንብሩ ራሱን የቻለ ፈጠራ ከሆነም ያቀናበረው ሰው ነው። ሁለተኛው ከዋኙ፣ ማለትም የዘፈነው ወይም መሣሪያውን የተጫወተው ነው። ሦስተኛው ድምፁን ያስቀረጸው ፕሮዲዩሰር ነው። የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩም የየራሳቸው የ50 ዓመት ዘመን አላቸው። ዘመኖቹ መቆጠር የሚጀምሩት ከተለያየ ቀን ነው፤ ስለሆነም አንዱ ሲያበቃ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እንውሰድ። ድምፁ ያለ ግጥም፣ ያለ ከበሮ፣ ከሰው ንግግር ሥር ያለ ግጭት የሚገባ በመሆኑ ለማጀቢያነት የተሠራ እስኪመስል ድረስ ተስማሚ ነው። «ታይም» የተሰኘው የ2020 ዘጋቢ ፊልምና «ፓሲንግ» የተሰኘው የ2021 ፊልም ተጠቅመውበታል። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ጀርመን ውስጥ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1963 ስለሆነ «ከ60 ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ ነጻ ነው» የሚል ስሌት ሊቀርብ ይችላል። ስሌቱ ግን የሚነካው የቅጂውን መብት ብቻ ነው። ዜማውን የደረሱት እማሆይ ራሳቸው ሲሆኑ ያረፉትም በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የሥራ አመንጪነት መብታቸው በአዋጁ መሠረት እስከ 2065 ዓ.ም. ይዘልቃል።

የአምሃ እሸቴ «አምሃ ሪከርድስ» በ1961 ዓ.ም. ማሳተም የጀመራቸው ሸክላዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ። በእኛ አዋጅ የ50 ዓመት ስሌት የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የፕሮዲዩሰርነት መብት እ.ኤ.አ. ከ2019 በኋላ ያበቃል። ነገር ግን ከዜማ ደራሲዎቹና ከአቀናባሪዎቹ በሕይወት ያሉ አሉ፤ ሌሎቹም ያረፉት በቅርብ ዓመታት ነው። በዚያ ላይ በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ እስከ የካቲት 1972 አጋማሽ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ጥበቃ እስከ 2067 ተራዝሟል። ዝግጅቱ የሚጫነው በአሜሪካ ኩባንያ መድረክ ላይ እስከሆነ ድረስ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ዘመኑ በእርግጥ ያለፈበት ምሳሌም አለ። ከአርባ ልጆች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1963 ስለሆነ ድርሰቶቻቸው በአዋጁ ስሌት ጥበቃቸውን ጨርሰዋል። የወንድማቸው ልጅ የነርሲስ ናልባንዲያን ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ስላረፉ የእርሳቸው ሥራዎች ገና ጥቂት ይቀራቸዋል። ከኬቮርክ ሥራዎች እጅግ የታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር መሆኑ ጉዳዩን ትንሽ ያስቃል፤ መብቱ ነጻ ቢሆንም ስለ ሽሮ አሠራር በሚናገር ሰው ድምፅ ሥር የሚያስገባው ያለ አይመስለኝም።

«ትርፍ አላገኝበትም»

አማተር አዘጋጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት መከራከሪያ ይህ ነው። አዋጁ ለግል ጥቅም መገልበጥን በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል፤ በቤተሰብ ስብሰባ ወይም በትምህርት ቤት በነጻ የሚደረግ የግል ክዋኔም ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ በልዩ ሁኔታ ሲታይ ኖሯል። በኢንተርኔት የተጫነ ዝግጅት ከሁለቱም አይደለም። የሚያየው ሰው አሥራ ሁለት ብቻ ቢሆንም ለሕዝብ ቀርቧል። ለሕዝብ የማቅረብ መብት ደግሞ የሥራ አመንጪው ብቸኛ መብት ነው፤ ትርፍ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የካሣውን መጠን ሊነካ ይችል ይሆናል እንጂ ፈቃድን አይተካም። «ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆነ ይፈቀዳል» የሚለው አባባልም በአዋጁ ውስጥ ቦታ የለውም። ጥቅስ የተፈቀደው ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ነው፤ ስለ አንድ ዘፈን እየተወያየ ጥቂቱን የሚያሰማ ሰው ይጠቅሳል፣ ዘፈኑን መክፈቻው ያደረገ ሰው ግን ይጠቀምበታል።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ መብትን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል፤ የሞራል ጉዳት ካሣውም ከ100,000 ብር እንዳያንስ ተደንግጓል። ይህን ያህል ከባድ ቅጣት ለወጣት አዘጋጅ መደንገጉ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ተፈጻሚ የሚሆንበትም ጊዜ ጥቂት ነው። ቢሆንም ሕጉ የቆመው በዚህ መልኩ ነው።

ከሕግ ተማሪዎች ዘንድ የሚሰማ ሌላ ረቀቅ ያለ መከራከሪያም አለ። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን ወይም የኢትዮጵያ ነዋሪዎችን ሥራ፣ በመጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የታተመን ሥራና ኢትዮጵያ በገባችበት ስምምነት የሚጠበቅን ሥራ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1886ቱ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ «የውጭ አገር ዘፈን እዚህ አይጠበቅም» ይባላል። በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ይህ ክርክር ክብደት ሊኖረው ይችላል። ለዩቲዩብ አዘጋጅ ግን ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም ዳኛው የአራዳ ምድብ ችሎት አይደለም። መድረኩ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጅ መብት ሕግና በራሱ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮንተንት አይዲ የተባለው ሥርዓት የተጫነውን ድምፅ ሁሉ ባለመብቶች ካስመዘገቡት ጋር ያመሳክራል፤ ከዚህ ውጭ በሚቀርብ መደበኛ አቤቱታ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ተመሳካሪው ማሽን የበርንን ስምምነት አያነብም።

ከውጭ የሚመጣው ነጻ ሙዚቃ

ሁለት ምንጮች ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ዩቲዩብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሥራ የደራሲውን ስም መጥቀስ ይጠይቃል። ሁለተኛው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የሚለቀቀው ሙዚቃ ነው። ይህኛው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ ምክንያቱም «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የአንድ ፈቃድ ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው።

ስም መጥቀስን ብቻ የሚጠይቀው ፈቃድ ለአዘጋጅ ምቹ ነው። ለንግድ መጠቀምን የሚከለክለው፣ ቻናሉ ማስታወቂያ ማሳየት በጀመረበት ቀን አጠራጣሪ ይሆናል። ብዙዎች የማያስተውሉት «ያለ ለውጥ» የሚለውን ነው። አዘጋጁ ሙዚቃውን ሳይቆርጥ ሙሉውን ስላስገባ አልለወጥኩትም ብሎ ያስባል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛው የፈቃዱ እትም፣ ሙዚቃ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ሲገጣጠም ሁልጊዜ እንደተለወጠ ሥራ ይቆጠራል ይላል። ስለሆነም «ያለ ለውጥ» የተለቀቀ ሙዚቃ በቪዲዮ ሥር ሊገባ አይችልም። በተመሳሳይ ፈቃድ ማካፈልን የሚጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ቪዲዮው በሞላ በዚያው ፈቃድ እንዲለቀቅ ያስገድዳል። በሌላ በኩል አራተኛው እትም ምሕረት አለው፤ ጥሰቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ያስተካከለ ሰው መብቱ ይመለስለታል። የረሳነውን ስም በዝግጅቱ መግለጫ ላይ መጻፍ ይህን ያህል ይጠቅማል።

በወር ክፍያ የሚሠሩት የውጭ ማከማቻዎች በሥራቸው ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። በብር ለሚተዳደርና ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለሌለው ወጣት ይህ አማራጭ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። አውታርንና ሰዋስውን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ክፍያውን በብር አቅልለዋል፤ አድማጭ ዘፈን ሲገዛ ግን የሚገዛው ማዳመጥን ነው፣ በዝግጅት ውስጥ ማስገባትን አይደለም።

ለእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። ከነጻ ማከማቻ የተወሰደው የጊታርና የፒያኖ ድምፅ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ ቪዲዮዎች ሥር የሚሰማ ነው። ስለ አቃቂ የሚናገር ዝግጅት ከየትም ሊሆን በሚችል ዜማ ሲከፈት አድማጩ ከመጀመሪያው ቅጽበት ቦታውን ያጣል።

የማንም ያልሆነ ዜማ

አሁን ሦስቱን መብቶች እንደገና በሌላ መንገድ እንቁጠር። አዘጋጁ ከደራሲ ሥራ ይልቅ ባለቤቱ የማይታወቅ የቆየ የሕዝብ ዜማ መረጠ እንበል። በሠፈሩ የሚገኝ የክራር ወይም የዋሽንት ተጫዋች ዜማውን ተጫወተለት፤ አዘጋጁም በራሱ ስልክና በራሱ ወጪ ቀረጸው። የሥራ አመንጪው መብት በዜማው ላይ የማንም አይደለም። የፕሮዲዩሰርነቱ መብት ድምፁን ባስቀረጸው በአዘጋጁ እጅ ነው። የቀረው የከዋኙ መብት ብቻ ነው፤ እርሱም ከአንድ በአካል ከሚገኝ ሰው፣ በብር፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በተደረገ ውይይት የሚገኝ ነው። ከሦስት መብት ወደ አንድ የወረደበት ሌላ መንገድ አላየሁም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው «የሕዝብ ዜማ» የሚለውን መመርመር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ ቅኝት እንደ ሐሳብና እንደ ዘዴ ስለሚቆጠር የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። በትዝታ ቅኝት የተደረሰ አንድ የተወሰነ ዘፈን ግን ደራሲ ሊኖረው ይችላል፤ «ትዝታ» የቅኝትም የዘፈንም ስም መሆኑ ግራ መጋባቱን ያበዛዋል። ለተጫዋቹ የሚቀርበው ጠቃሚ ጥያቄ «ዜማው የማን ነው?» የሚለው አይደለም፤ «የሕዝብ ነው» የሚል መልስ ያለ ማሰብ ይገኝበታልና። የሚሻለው «ከማን ተማርኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከአያቱ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከመንደር ጨዋታ ከሆነ መልካም ነው። ከካሴት ከሆነ የካሴቱን ደራሲ መፈለግ ያስፈልጋል። በአቃቂ ዙሪያ ይህ ጥያቄ ብዙ ሀብት ያወጣል፤ አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ አገር በመሆኑ የጌራርሳ ዜማዎች፣ ከየክፍለ አገሩ ለፋብሪካ ሥራ በመጡ ቤተሰቦችም የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዜማዎች ይገኛሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ተጫዋቹ ራሱ የሚጨምረውን ይመለከታል። አዋጁ ቅንብርን እንደ ተወላጅ ሥራ ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ሥራው ወጥ ሆኖ ግዙፍነት ካገኘበት፣ ለምሳሌ ከተቀረጸበት ጊዜ ይጀምራል፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ተጫዋቹ በቆየው ዜማ ላይ የራሱን መግቢያና ልዋጭ ከፈጠረ የመጀመሪያው መብት በአዲስ መልክ በእርሱ ስም ተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የከዋኝነቱንም የአቀናባሪነቱንም መብት ማካተት አለበት።

ስለ መሣሪያ ምርጫም ጥቂት ማለት ይገባል። ማሲንቆ ከሰው ድምፅ ጋር በአንድ መደብ ስለሚሄድ በንግግር ሥር ሲገባ ተናጋሪውን ይሻማል፤ ለመክፈቻ ግን አቻ የለውም። በንግግር ሥር ዝግ ብሎ ለመሄድ የክራር ወፍራም ክሮች ይሻላሉ። በገና በድምፁ ጥልቀት ማጀቢያ ለመሆን የተመቸ ቢመስልም፣ ከጸሎትና ከዐቢይ ጾም ጋር ባለው ትስስር የተነሣ በጨዋታ ዝግጅት ሥር መስማት ብዙ አድማጭን ቅር ያሰኛል። የቅዱስ ያሬድ ዜማም ደራሲው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ስለሆነ በቅጅ መብት አይያዝም፤ የሚገድበው ሌላ ነው፣ ያም ከሕጉ ይልቅ ይከበራል። ለቀረጻው የኮንዶሚኒየም ክፍል ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል፣ የቃሊቲ መንገድ የጭነት መኪና የሚቀንስበትንም ሰዓት መምረጥ ይበቃል።

ውሉ

በዚህ መንገድ ላይ የሚጎድለው ሙዚቃው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ተጫዋቹ ጎረቤት ስለሆነ፣ የአዘጋጁ ወንድም ጓደኛ ስለሆነ፣ ሻይ ተጠጥቶ በቃል ይጨረሳል። አዋጁ ግን መብት የሚተላለፈውም ፈቃድ የሚሰጠውም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ሕግ ጽሑፍን በሚጠይቅበት ውል ላይ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን መኖር ያዝዛል፤ ያለ ምስክር ውጤት የለውም። ለሁለት ደቂቃ ክራር ይህ የበዛ ይመስላል። አንድ ገጽ ወረቀትና ሁለት ጎረቤት ግን በአቃቂ የሚታጡ ነገሮች አይደሉም።

ገጹ የትኛው ዜማ መቼ እንደተቀረጸ፣ በየትኛው ዝግጅት መክፈቻ ወይም ማጀቢያ ሆኖ እንደሚገባ፣ በየትኞቹ መድረኮች እንደሚሰራጭ ይናገራል። ኢንተርኔት ወሰን ስለሌለው «በዓለም ሁሉ» ብሎ መጻፍ ግድ ነው። መቁረጥና መደጋገም እንደሚፈቀድም መጻፍ አለበት፤ ሥራን ከማዛባት የመከላከል ሞራላዊ መብት ስላለ፣ የተጫወተውን አጥሮ ሲሰማ የሚቀየም ባለሙያ አይጠፋም። ስሙ የት እንደሚጠቀስም ይጻፍ።

በዘመኑ ላይ ያለኝ አቋም ከብዙ አዘጋጆች ይለያል። እነርሱ አንድ ጊዜ ከፍለው ለዘለዓለም መያዝ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ብቸኛ ያልሆነ፣ ለሁለት ዓመት የሚቆይ፣ ሊታደስ የሚችል ፈቃድ፣ ከዚያ በፊት የወጡ ዝግጅቶች ግን ሳይነኩ የሚቀሩበት ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ክፍያው ያንሳል፤ ለአማተሩ ይመቸዋል። ተጫዋቹም ያንኑ ዜማ ለሌላ ሊያከራይ ይችላል፤ ዝግጅቱ ገቢ ማግኘት ከጀመረም ዋጋው እንደገና ይነሣል። የርካሽነቱ ሸክም ከሁሉ ያነሰ ገቢ ባለው ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ከካሴት መስረቅ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል።

አንድ አንቀጽ በተለይ እንዳይረሳ ያስፈልጋል፤ ቅጂውን አንደኛውም ወገን ያለ ሌላው ስምምነት በኮንተንት አይዲ እንዳያስመዘግብ የሚከለክለው ነው። የማንም ያልሆነ ዜማ በማሽን ፊት የሁሉም መሆኑ አደጋ አለው፤ ያንኑ ዜማ በክራር ተጫውቶ በአከፋፋይ በኩል ያስመዘገበ ሌላ ሰው ሲኖር ተመሳካሪው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ያን ጊዜ አዘጋጁ አቤቱታውን የሚቃወመው በሦስት ነገሮች ነው፦ በተፈረመው ገጽ፣ ቀኑ በተመዘገበበት ያልተቆረጠ የመጀመሪያ ቅጂ፣ በቀረጻው መጀመሪያ ተጫዋቹ ስሙን፣ ቀኑንና ዜማውን ከማን እንደተማረ በራሱ አፍ በተናገረበት ግማሽ ደቂቃ። ይህን ግማሽ ደቂቃ ከዝግጅቱ ውስጥ መቁረጥ ይቻላል፤ ከፋይሉ ውስጥ ግን መጥፋት የለበትም።